«ባትሪውን አውጥቼዋለሁ እኮ፣ እማማ!»

ባለፈው ሳምንት ስለ አረጋውያን የእግር እብጠት የጀመርኩትን ዛሬ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝና ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆይልኝ። ቤቴ ውስጥ አንድ ነገር ደርሶ ሐሳቤ ሁሉ እሱ ላይ ሆኖ ሰነበተ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ቡና አፍልቼ ሁለተኛውን እየቀዳሁ ሳለ ከጓሮው ሰርቪስ ቤት «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እንደ ብርጭቆ ስብራት አይደለም፤ ደረቅና አጭር ነው። ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማኝ። ሲኒውን የት እንዳስቀመጥኩት እስካሁን አላስታውስም። ስደርስ የአሥራ አራት ዓመቱ የልጅ ልጄ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል። ቀኝ እጁን በግራ እጁ ጨብጧል። አጠገቡ የተፈታታ የፊልም ካሜራ፣ ካቻቢቴና ቁርጥራጭ ሽቦ ተበትኗል።

«ምን ነክተህ ነው?» ብዬ ጮኽኩ።

«ባትሪውን አውጥቼዋለሁ እኮ፣ እማማ!» አለኝ። የተጎዳው እጁ አልነበረም ያስደነገጠው፤ የማይሆን ነገር መሆኑ ነው። ባትሪ የሌለው ካሜራ እንዴት ሰው ይመታል?

ካሜራውን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ልጄ ስትመረቅ የገዛነው ነው። ፊልሙም አጣቢውም ከጠፋ ወዲህ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይኖር ነበር። «እማማ፣ ካልፈለግሽው ስጪኝ» ሲለኝ መርቄ ነው የሰጠሁት። ይኼ ነገር ሌሊቱን ሁሉ ሲያብሰለስለኝ አደረ።

እንደ ልማዴ ሁለት ጣቴን የእጁ አንጓ ላይ አድርጌ የእጅ ሰዓቴን ተመለከትኩ። ልቡ በደቂቃ 112 ትመታለች፤ ፈጣን ናት፣ ግን አትዘልም፣ አትዛነፍም። አውራ ጣቱና አመልካች ጣቱ ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የሚያህሉ ሁለት ነጫጭ ነጥቦች አሉ፤ ቃጠሎ ናቸው። እነሱን ሳይ ተነፈስኩ። ኤሌክትሪክ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። የገባበትና የወጣበት ሁለቱም አንድ እጅ ላይ ከሆኑ መንገዱ በደረት አላለፈም ማለት ነው። በቀኝ እጁ ገብቶ በግራው ቢወጣ ኖሮ ግን በመሐል ያለችው ልብ ናት። ለማንኛውም ብዬ ክሊኒክ ወስጄው የልብ ኢሲጂ ተነሣ፤ ደህና ነው ተባልን።

ማታ ልጄ ከሥራ ስትገባ ነገርኳት። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ «እማዬ፣ ይኼን ሁሉ ኮተት ነገ ጠዋት ለቆራሌው ነው የምሰጠው!» አለች። ልጁ አለቀሰ። በጭረቱ ጊዜ ያላለቀሰ ልጅ በዚህ አለቀሰ። እኔም «እስቲ መጀመሪያ ምን ሊሠራ እንደነበር እንስማው» አልኩ።

ሌዘር ሊሠራ ነበር።

እኔ ሌዘር የማውቀው ከዓይን ክፍል ነው፤ ወደዚያ እመጣለሁ። እሱ ያየው ዩቲዩብ ላይ ነው፤ ከሌላ አገር ያሉ ሰዎች ጋራዣቸው ውስጥ በካሜራ ፍላሽና በአንድ ቀይ ድንጋይ ሲሠሩ አይቷል። ደብተሩን አምጥቶ ሥዕሉን አሳየኝ። እውነቱን ለመናገር፣ የሒሳብ ደብተሩ እንደዚያ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም።

«የኛን ሮቶ አስቢ እማማ» አለኝ። «ውኃው ከታች ነው ያለው። ፓምፑ ገፍቶ ላይ ያወጣዋል። ላይ ከወጣ በኋላ ሲወርድ ጉልበት አለው። ሌዘር ውስጥም እንደዚያ ነው፤ ፓምፑ ግን ብርሃን ነው።» በእንግሊዝኛው ኦፕቲካል ፓምፒንግ ይሉታል፤ በብርሃን እየገፉ መሙላት ማለት ነው። ይህን ዘዴ የፈጠረው ፈረንሳዊው አልፍሬድ ካስትለር እ.ኤ.አ. በ1966 የኖቤል ሽልማት እንዳገኘበትም ያውቃል። የሰፈራችንን ፖስታ ሣጥን ቁጥር አያውቅም፣ ይህን ያውቃል።

እኔ እንደገባኝ ላስረዳችሁ። ሩቢ የሚባለው ቀይ ዕንቍ ውስጡ ጥቂት ክሮሚየም አለው፤ ቀይ ያደረገውም እሱ ነው። ኃይለኛ ነጭ ብርሃን ሲመታው ክሮሚየሙ ከብርሃኑ ውስጥ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ይውጥና ከፍ ይላል። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ አንድ ማረፊያ ላይ ወደ ሦስት ሺህኛ ሰከንድ ያህል ይቆያል። ለእኛ ምንም አይደለም፤ ለአቶም ግን ረጅም ዕድሜ ነው ይላል ልጁ። ከማረፊያው ሲወርድ ቀይ ብርሃን ይተፋል። ያ ቀይ ብርሃን በሌላው አጠገብ ሲያልፍ እሱንም ያወርደዋል፤ ሁለቱ ብርሃኖች እግር ለእግር ተከታትለው ይሄዳሉ። በሁለቱ ጫፍ መስተዋት ካለ ብርሃኑ እየተመላለሰ ይበዛል። አንዱ መስተዋት ትንሽ ስለሚያሳልፍ በዚያ በኩል ቀጥ ያለ ቀጭን ቀይ ጨረር ይወጣል። ሌዘር ይኸው ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሩቢ ሌዘር እንዲሆን ከክሮሚየሙ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በአንድ ጊዜ ላይ መገኘት አለበት። ቀስ እያሉ ቢያወጡት፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርድና ሮቶው አይሞላም። የሳሎን አምፖል ዓመት ሙሉ ቢበራበት ምንም አያመጣም። የሚያስፈልገው በአንድ ብልጭታ ውስጥ ተከማችቶ የሚመጣ ብርሃን ነው። ለዚያ ደግሞ ኤሌክትሪኩን አስቀድሞ አጠራቅሞ በአንዴ የሚደፋ ዕቃ ያስፈልጋል። ካፓሲተር ይባላል፤ የድሮ ሬዲዮ ጠጋኞች ኮንደንሰር ይሉታል። ካሜራው ውስጥ ያለው፣ ጣት የሚያህለው፣ ልጄን የመታው እሱ ነው።

ላዩ ላይ 330 ቮልት፣ 120 ማይክሮፋራድ ተብሎ ተጽፎበታል። ካሜራው የሚሠራው በሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ ነው፤ ሁለቱም ተደምረው 3 ቮልት አይዘልሉም። ፍላሹን ስታበሩት «ፊይይይ» የሚል ቀጭን ድምፅ ትሰሙ የለ? ያኔ ነው 3 ቮልቱ ወደ 300 እና ከዚያ በላይ እየተቀየረ ካፓሲተሩ ውስጥ የሚጠራቀመው። የግድግዳችን ሶኬት 220 መሆኑን አስቡ። ከዚያ ባትሪውን ብታወጡትም የተጠራቀመው የትም አይሄድም። ባለቤቱ ቢወጣም ዕቃው ቤት ውስጥ እንደሚቀር ነው። ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት ይቆያል።

ስሌቱን አብረን ሠራን። ሲሞላ የሚይዘው ስድስት ተኩል ጁል ያህል ነው። ትንሽ ነው፤ ግን በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ውስጥ ሲደፋ 6,500 ዋት ይሆናል። የእንጀራ ምጣዳችን 3 ወይም 4 ሺህ ዋት ነው። ለዐይን ጥቅሻ ያህል እንኳ ለማይቆይ ጊዜ፣ ወደ ሁለት ምጣድ የሚጠጋ ኃይል በሁለት ጣቱ መሐል አለፈ ማለት ነው።

ለሩቢ ግን ይህም አይበቃም። ደብተሩን ገልጬ ስመለከት «20 ካፓሲተር» ይላል። ከሰፈር ልጆች፣ ከፎቶ ቤት፣ ከየትም አሮጌ ካሜራ ሊሰበስብ ነበር። ሃያው አንድ ላይ ሲያያዙ 130 ጁል ይሆናሉ። ቁጥሩን ሳነበው እግሬ ራደ። ምክንያቱም ያንን ቁጥር አውቀዋለሁ።

ልብ ስትቆም፣ ወይም በትክክል ለመናገር መምታት ትታ ስትንቀጠቀጥ፣ በኤሌክትሪክ የምንመልስበት ዲፊብሪሌተር የሚባል መሣሪያ አለ። በአዋቂ ሰው ደረት ላይ አሁን ያሉት መሣሪያዎች ከ120 እስከ 200 ጁል ይለቃሉ፤ እኔ በጀመርኩበት ጊዜ የነበሩት እስከ 360 ይደርሱ ነበር። ሞልቶ ሲጮህ «ሁላችሁም ራቁ!» እንላለን። አልጋውን የነካ ሰው አለመኖሩን ዞር ብለን ሳናይ ቁልፉን አንጫንም። ያን «ራቁ» ስንት ጊዜ እንዳልኩ ቁጥሩን አላውቀውም። የሞተ የመሰለውን ልብ የሚቀሰቅሰው ኃይል በሰላም እየመታች ያለችን ልብ በመጥፎ ሰዓት ካገኛት ደግሞ ያንኑ መንቀጥቀጥ ያስነሣባታል። ሐኪሙ በርናርድ ላውን እ.ኤ.አ. በ1962 ዓ.ም. አካባቢ በካፓሲተር የሚሠራውን ዲፊብሪሌተር ሲያመጣ፣ ድንጋጤው በልብ ምት ውስጥ በየትኛው ቅጽበት ላይ መዋል እንዳለበትና እንደሌለበትም አብሮ ያጠናው ለዚህ ነበር። ከእሱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ዓ.ም.፣ ክሎድ ቤክ የተባለ ቀዶ ሐኪም አሜሪካ ክሊቭላንድ ውስጥ ልብን በኤሌክትሪክ ሲመልስ ለመጀመሪያ ጊዜ የዳነው ሰው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። የእኛኑ ዕድሜ።

አንድ ሌላ ነገርም ትዝ አለኝ። ድሮ ከሠራሁባቸው ሆስፒታሎች በአንዱ አንድ ጎበዝ የጥገና ባለሙያ ነበር። ከዋናው ኤሌክትሪክ ተነቅሎ ያደረ አሮጌ ዲፊብሪሌተር ከፍቶ ሲሠራ ክንዱ አንድ ነገር ነካ። ከወንበሩ ተነሥቶ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሮጠን ስንደርስ እየተንቀጠቀጠ ያለውን ቃል አልረሳውም፦ «ሲስተር፣ ሶኬቱን ነቅዬዋለሁ እኮ!» ቀሪውን ኤሌክትሪክ እንዲያፈስ የተሠራው ክፍል ተበላሽቶ ኖሯል። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያንኑ ቃል ከልጅ ልጄ አፍ እሰማለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ወደ ዓይን ልምጣ። ስለ እጁ ይህን ያህል ያልኩት ስላየሁት ነው፤ ያላየሁት ግን ይበልጥ ያስፈራኛል።

በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታቴ የዓይን ክፍል ነበርኩ። የዓይን ሞራ ተነሥቶላቸው ሰው ሠራሽ ሌንስ የተተከለላቸው ሰዎች፣ አንዳንዶቹ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ «ሞራው ተመለሰ» ብለው ይመጣሉ። ሞራው አልተመለሰም፤ ከሌንሱ ጀርባ ያለችው ስስ ሽፋን ደፍርሳ ነው። እናንተም ወላጆቻችሁን ወስዳችሁ ይሆናል። ሐኪሙ በሌዘር ያቺን ሽፋን መሐሏን ይከፍታታል። ሌዘሩ ያግ ይባላል፤ ክሪስታሉ ሩቢ ሳይሆን ኒዮዲሚየም ያለበት ሌላ ድንጋይ ነው፤ በጋራዥ የሚሠሩትም ብዙዎቹ ይህንኑ ይወዱታል። ለምን ቢባል እንደ ሩቢ ግማሹን ማንሣት ስለማይጠይቅ በትንሽ ብልጭታ ይሠራል። ታካሚዋ አገጫቸውን ድጋፉ ላይ ያሳርፋሉ፣ እኔ ከኋላ ጭንቅላታቸውን እይዛለሁ፣ «ቀጭ» የምትል ድምፅ ትሰማለች፣ አለቀ። ሕመም የለውም። ብዙዎቹ ወዲያው «ግልጽ ሆነልኝ!» ብለው ይመርቁናል።

የዚያ የአንዷ «ቀጭ» ጉልበት ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ? አንድ ወይም ሁለት ሺህኛ ጁል ነው። የካሜራው ካፓሲተር የያዘው የዚያን ሺዎች እጥፍ ነው። እርግጥ ከፍላሹ ወደ ጨረሩ የሚደርሰው ከመቶ አንድ ሁለት እጅ ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ቢሆንም ከሃያ ካፓሲተር አንድ መቶኛው እንኳ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እያነጣጠረ ከሚተኩሰው በብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል።

ዓይናችን ደግሞ ለዚህ ነገር ክፉ ሆኖ ነው የተሠራው። ሌንሱ ሥራው ብርሃንን ሬቲናችን ላይ፣ ከዓይን ጀርባ ባለው ስስ ሽፋን ላይ፣ አንድ ነጥብ አድርጎ መሰብሰብ ነው። ልጆች በማጉያ መነጽር ፀሐይን ሰብስበው ወረቀት የሚያቃጥሉት በዚሁ መንገድ ነው። ሌዘር ዓይን ውስጥ ሲገባ በመቶ ሺህ እጥፍ ሊሰበሰብ ይችላል። ሽፋሽፍታችን ከብርሃን ለመሸሽ ሩብ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ የፍላሽ ሌዘር ግን ሽፋሽፍት ሳይነቃነቅ ሥራውን ጨርሷል። ከዚህ የሚከፋው፣ ያግ ሌዘር አይታይም። ሐኪሙ የሚያነጣጥርበት ቀይ ነጥብ ለብቻው የተጨመረ ነው። ሬቲና ደግሞ የሕመም ነርቭ የለውም። ልጅ ሳያየው፣ ሳያመው፣ ማንበቢያውን ሊያጣ ይችላል። ዓመት በዓል ላይ በጨረር ቀጥታ መመታትም አያስፈልግም፤ ከማንኪያ፣ ከመስኮት መስተዋት፣ ከሰዓት ክዳን ነጥሮ የሚመጣው ይበቃል።

በነገራችን ላይ ሌዘር ዓይንን ማከም የጀመረው ብርሃን ዓይንን ከሚጎዳበት መንገድ ነው። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ማየር ሽቪከራት እ.ኤ.አ. በ1945 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ በባዶ ዓይን አይተው ሬቲናቸው የተቃጠለ ሰዎችን አየ። ቃጠሎው የሚተወው ጠባሳ ሬቲና እንዳይላቀቅ መስፊያ ሊሆን ይችላል ብሎ አሰበ፤ በመጀመሪያ በፀሐይ፣ ቆይቶም በዜኖን አምፖል ማከም ጀመረ። ከዚያ ሌዘር መጣ፤ በ1961 ኒው ዮርክ ውስጥ በሩቢ ሌዘር የአንድ ታካሚ የሬቲና ዕጢ ተመታ። ሌዘር ከተፈጠረ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር።

ይህን ሁሉ ለልጄ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «እማዬ፣ አንተም አንቺም ትክክል ናችሁ እንበል። አንድ ዓይኑ ቢጠፋ ማን ይመልስልኛል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ግን ሌላ ነገር አልኳት። ከዚህ ቤት ብንከለክለው ጓደኛው ቤት ይሠራዋል፤ እዚያ «ጧ» ሲል ቡና እያፈላ የሚሰማ ሰው ላይኖር ይችላል። በዚያ ላይ ይህ ሥራ የተጀመረው እንደሱ ባሉ ልጆች ነው። የመጀመሪያውን ሌዘር የሠራው ቴዎዶር ሜይማን በጉርምስናው የሰው ሬዲዮና የኤሌክትሪክ ዕቃ እየጠገነ ለትምህርቱ ገንዘብ ያጠራቅም ነበር። ካሊፎርኒያ፣ ማሊቡ ውስጥ በሚገኘው የሂዩዝ ኩባንያ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ግንቦት 16 ቀን 1960፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 8 ቀን 1952 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ የጣት ጫፍ የምታህል የሩቢ ዘንግ ለፎቶ አንሺዎች በተሠራ ጠመዝማዛ የፍላሽ አምፖል ውስጥ ከትቶ ብልጭ አደረገው። ሌሎች ትልልቅ ተቋማት ሩቢ አይሆንም ብለው ትተውት ነበር። ጽሑፉንም አንድ የታወቀ መጽሔት መልሶበት በሌላው፣ በኔቸር ነው የወጣለት። እኔ ያኔ ገና ዳዴ የምል ሕፃን ነበርኩ። ሰውየው ግን ላቦራቶሪ ነበረው፤ ባለሙያ ረዳት ነበረው። የእኛው ሰርቪስ ቤትና ካቻቢቴ ነው ያለው።

ስለዚህ ሽማግሌ ፈለግን። ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ ጡረታ የወጡ ሬዲዮ ጠጋኝ አሉ፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠራኋቸው። ካሜራውን ገልበጥ አድርገው አዩና ልጁን «አንድ እጅህ የት ነው መሆን ያለበት?» አሉት። አላወቀም። «ኪስህ ውስጥ! ኤሌክትሪክ ያለበት ነገር ስትነካ አንድ እጅ ኪስ ውስጥ። እኛ በዚህ ነው ያረጀነው» አሉት። ልቡን ሳያውቁ ስለ ልቡ ተናገሩ፤ ደስ አለኝ።

ከዚያ ያሳዩት ነገር እኔንም አስተማረኝ። ካፓሲተሩን በካቻቢቴ አገናኝቶ ማጥፋት የተከለከለ ነው፤ ብልጭታው ዓይን ላይ ይረጫል፣ ብረቱንም ያቀልጣል። በሁለት ጫፉ ሬዚስተር አስይዘው ቀስ ብለው አፈሰሱት። በቴስተር ሲለኩት ዜሮ አለ። «አበቃ?» አሉት። «አበቃ» አለ። «ሻይ እንጠጣ» አሉ። ሻዩን ጠጥተን ስንመለስ እንደገና ለኩት፤ ቴስተሩ ጥቂት ቮልት አሳየ! ካፓሲተር ከፈሰሰ በኋላም ውስጡ የተደበቀውን ቀስ በቀስ ይመልሳል። ትልልቆቹ ላይ ይህ ተመላሽ ብቻውን ሰው ይጎዳል። ልጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ መቶ ጊዜ ብነግረው እንደዚያች የቴስተር ቁጥር አይገባውም ነበር።

ስምምነታችን ይህ ሆነ። የካሜራ ነገር የሚከፈተው ጋሼ ባሉበት ብቻ ነው። ሃያው ካፓሲተር ቀርቷል። ማይክሮዌቭ ምድጃ አይነካም፤ ይህን እናንተም ስሙኝ፣ እሱ ውስጥ ያለው በሺዎች ቮልት የሚቆጠር ስለሆነ ለባለሙያም አደገኛ ነው፤ የተበላሸ ማይክሮዌቭ ቤት ውስጥ ካለ ልጅ የማያገኘው ቦታ አድርጉት። ድንጋዩን ከመስተዋት ጋር ገጥሞ ጨረር ማውጣት ደግሞ ለዚያው ለሚሠራው የብርሃን ዓይነት የተሠራ፣ ቁጥሩ ላዩ ላይ የተጻፈበት መከላከያ መነጽርና የሚያውቅ አስተማሪ እስኪገኝ ድረስ ይቆያል። የፀሐይ መነጽር አያገለግልም። ልጄ ይህን ሁሉ ስትሰማ «እናያለን» አለች። የእሷ «እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ያሳደግኳት ነኝና።

ምናልባት እናንተም ቤት ተመሳሳይ ነገር ቢደርስ፦ በካፓሲተርም ሆነ በሶኬት የተመታ ልጅ ደህና ነኝ ቢልም፣ ከእጅ ወደ እጅ ካለፈበት፣ ከወደቀ፣ ራሱን ከሳተ፣ ልቤ ዘለለች ካለ ወይም ቃጠሎ ካለበት ዛሬውኑ ይታይ። ሶኬት ላይ እንደተያያዘ ካገኛችሁት አትንኩት፤ መጀመሪያ ቆጣሪውን አጥፉ። ዓይኑ በሌዘር ተመትቶ የሚያየው ነገር መሐሉ ከጠቆረ፣ ወይም ቀጥ ያለ መስመር ከተጣመመበት፣ አሽቶ ወይም ጠብታ አድርጎ አይደር፤ ወደ ዓይን ሐኪም ነው። በመንገድ ላይ የሚሸጡት ትንንሽ አረንጓዴ ሌዘሮችም አሻንጉሊት አይደሉም፤ ስለነሱ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ማክሰኞ ማታ ልጁ ኩርፊያውን ሳይጨርስ ሰዓቴን አየና «እማማ፣ ሰዓትሽ ስንት ድንጋይ አለው?» ብሎ ጠየቀኝ። በመጀመሪያ ደመወዜ የገዛሁት፣ በመዘውር የሚሞላ ሰዓት ነው። ስንት ሺህ ሰው የልብ ምት እንደቆጠርኩበት አላውቅም። ክዳኑ ላይ «17 ጁዌልስ» ይላል፤ ወርቅ ወይም አልማዝ ነው ብዬ ነበር የምኖረው። ለካ ሰው ሠራሽ ሩቢ ነው! ጥርሶቹ እንዳያልቁ በየመዞሪያው የተቀመጡ። የሜይማን ድንጋይ ዘመድ አርባ ዓመት ሙሉ እጄ ላይ ነበር።

ረቡዕ ጋሼ መጡና ክዳኑን ከፈቱት። ልጁ ከባለሱቁ የብር ኖት የሚመረመርበትን ሐምራዊ ባትሪ ተውሶ አመጣ። «ባትሪውን ማንም አያይም፣ ድንጋዩን ብቻ» አለ፤ እኔ ሳልለው ነው ያለው። መብራቱን አጠፋን። ባትሪውን ወደ ሰዓቱ ሲያዞረው የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉት ድንጋዮች እንደ ፍም ቀይ ሆነው በሩ።

«ይኸው እማማ! ክሮሚየሙ ወጥቶ ሲወርድ ነው። መስተዋት ስለሌለው ሌዘር አይደለም፤ ፓምፑ ግን ይኸው ነው» አለኝ በሹክሹክታ።

ልጄ ከወጥ ቤት መጥታ በትከሻዬ ላይ አንገቷን አስግጋ ታይ ጀመር። እጇ ሽንኩርት ይሸታል። «ስንት ናቸው?» አለች።

ቆጠርን። ከአሥራ ሰባቱ በዚህ በኩል የሚታዩት ሰባት ነበሩ።